ሣሩን የሚያነቡ ሰዎች
የገና ጨዋታ፣ የጎልፍ ሜዳ እና የወል መሬት ታሪክ

ስለ ገና ጨዋታ በተወራ ቁጥር የሚነሡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ዱላውና እሩሩ። ዱላው ጫፉ ቆልመም ካለ ጠንካራ እንጨት ይቆረጣል፤ እሩሩ ከእንጨት ይጠረባል፣ ወይም ከጠፍር ተጎንጉኖ ጥንግ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መንደር ከመንደር ይጋጠማል። የልደት በዓል በመጣ ቁጥር ጋዜጣውም ሬዲዮውም ይህንኑ ይነግረናል። ሦስተኛውን ነገር ግን የሚያነሣው የለም። ሦስተኛው ነገር ሜዳው ነው።

ሜዳ ደግሞ ምን ታሪክ አለው? ሣር ነው፤ ከብት ይግጠዋል፤ በዓመት አንድ ሰሞን ጎረምሶች ይራወጡበታል። እንዲህ ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በሉማሜና በዙሪያዋ፣ ሽማግሎችን ስለ ገና ስጠይቅ ደጋግሞ የገጠመኝ ነገር አለ። የአሸናፊዎቹን ስም ይረሳሉ፤ የተሸነፉበትን ዓመት ይረሳሉ፤ የሜዳውን ጠባይ ግን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። እሩሩ የት ጋ እንደሚፈጥን፣ የት ጋ እንደሚሰንፍ፣ በየትኛው በኩል እንደሚያጋድል ሲናገሩ ፊታቸው ይበራል። ከጨዋታው ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብሯቸው የኖረው ይኸው የመሬት ዕውቀት ነው።

ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የተነሣ መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገሠግሥ ያገኛታል። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ መሬቱም ብዙው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ሁለት ጠባይ አለው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እግር ይይዛል፣ በሬ ያሰምጣል። በጋ ሲገባ ደርቆ ይኮማተርና የሰው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ገና የሚውለው በዚህ በደረቁ ወራት ነው። በመኪና መስኮት ለሚያይ መንገደኛ መስኩ የተደላደለ ይመስላል። በእግሩ ለገባበት ሰው ግን ጉብታው፣ የውኃ መውረጃው፣ ስንጥቁ፣ ከብቱ ረግጦ ያደደረው ዱካ፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ዱላ ይዞ እሩር ለሚከተል ሰው ይህ ሁሉ ፊደል ነው።

የሐምሌ 10 ምሽት

ይህን ነገር ከጎልፍ ጋር አያይዤ እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ምሽት ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ሉማሜ አድሬ ነበር። ዕለቱ ታምራት ቶላ በአሜሪካ፣ በዩጂን ከተማ፣ በዓለም ሻምፒዮና የማራቶን ወርቅ ያገኘበት ነው። ባረፍኩበት ሆቴል ሰዉ በደስታ ሲጨዋወት፣ ሌሊት የሚሮጠውንም የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ሲጠባበቅ አመሸ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ቴሌቪዥኑ በአንድ የውጭ የስፖርት ጣቢያ ላይ ተትቶ ስለነበር በስኮትላንድ፣ በሴንት አንድሩስ ከተማ የሚካሄደውን የ150ኛውን የብሪታንያ ኦፕን የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ዙር ያሳያል።

ጎልፍ ለብዙዎቻችን የሩቅ ሰዎች ጨዋታ ነው። በአዲስ አበባ፣ በአሮጌው አየር ማረፊያ በኩል፣ የጎልፍ ክለብ መኖሩን የሚያውቀው ከተሜ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አጥሩን ነው። በሆቴሉ ውስጥም አንዱ «ቀይሩት» ሲል፣ ሌላው «ይህን ሁሉ ሣር ከብት ሳይበላው!» ብሎ ያስቃል። አጠገቤ ጋቢ ደርበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን ዐይናቸውን አልነቀሉም።

ውድድሩ ከጫፍ ደርሶ ነበር። የሰሜን አየርላንዱ ሮሪ ማክልሮይ ዙሩን የጀመረው ከኖርዌዩ ቪክቶር ሆቭላንድ ጋር እኩል እየመራ ነው። አውስትራሊያዊው ካሜሮን ስሚዝ በአራት ምት ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ስሚዝ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ጉድጓድ ድረስ በተከታታይ፣ ለጉድጓዱ ከተመደበው ምት አንድ አንድ እየቀነሰ ገሠገሠ፤ መሪነቱንም ያዘ። 17ኛው ላይ ሲደርስ ጭንቅ መጣ። በኳሱና በጉድጓዱ መካከል የተቆፈረ፣ ግድግዳው የቆመ የአሸዋ ጉድጓድ ተጋርጧል። ኳሷን አንሥቶ በአየር ቢመታት ወይ አሸዋው ውስጥ ትቀራለች፣ ወይ አልፋ ከወዲያ ካለው መንገድ ላይ ትወድቃለች። ስሚዝ በምድር ሰደዳት። ወደ ጉድጓዱ አላነጣጠረም፤ ወደ ጎን መታት። ኳሷ በተዳፋቱ ተንከባልላ አሸዋውን ዞረችና ከተላጨው ሣር ላይ ወጣች።

አዛውንቱ «እሰይ!» አሉ። «ይህስ እረኛ ሳይሆን አይቀርም። ምድሩን ጠይቆ ነው የሰደዳት።»

«አባባ፣ ጨዋታውን ያውቁታል እንዴ?» አልኳቸው።

«የት አውቄው ልጄ! ገናን ግን አውቃለሁ።»

ስሚዝ ቀጥሎ የመታትን ኳስ ከጉድጓዱ ከተተ፤ ዙሩን በ64፣ ውድድሩን በ268 ምት ፈጽሞ ዋንጫውን ወሰደ። ማክልሮይ ሦስተኛ ወጣ። የማክልሮይ ነገር በተለይ ይገርማል። በዚያ ቀን 18ቱንም ጉድጓድ በሚገባው ምት ቀርቧቸዋል፤ ከቀረበ በኋላ ግን በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ መታ። 36 ምት መሆኑ ነው። ረጅሙን መንገድ እንደ ንጉሥ ተጉዞ በመጨረሻው ጥቂት ክንድ ላይ ተሸነፈ።

ሣር እንዴት ይነበባል?

የጎልፍ ሰዎች ጉድጓዱ ያለበትን፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተላጨውን ቦታ ግሪን ይሉታል። በግሪን ላይ የሚሠራውንም ሥራ «ማንበብ» ብለው ይጠሩታል። ተጫዋቹ ከኳሱ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ያያል። ዞሮ ዝቅ ካለው ወገን ያያል። ዐይን እንደሚታለል ስለሚያውቅ በእግሩ ይረግጠዋል፤ የትኛው እግሩ ክብደት እንደተሰማው ያዳምጣል። ሣሩ ወዴት እንደተኛም ይመረምራል፤ ወደተኛበት የሚሄድ ኳስ ይፈጥናል፣ በአንጻሩ የሚሄድ ይዘገያል። ጧት ጠል ያረጠበው ሣር ኳስ ይይዛል፤ ፀሐይና ነፋስ ያደረቁት ያሸሻል። በዚህ ላይ የጉድጓዱ ቦታ በየዕለቱ ይለወጣል። በመጨረሻው ዕለት ደግሞ አዘጋጆቹ አስቸጋሪ ቦታ መርጠው ይቆፍሩታል። ትናንት ያነበበው ዛሬ ሙሉ በሙሉ አያገለግለውም።

ይህን ዕውቀት በመሣሪያ ለመለካት የሞከረ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ በኦክሞንት የተደረገውን የአሜሪካ ኦፕን ሲመለከት፣ ዝነኛው ጂን ሳራዘን በቀስታ የመታት ኳስ ግሪኑን አቋርጣ ስትወጣ አየ። ስቲምፕሰን ኳስ የሚንደረደርበት ቦይ ያለው በትር ሠራ። ኳሷ ከቦዩ ወርዳ ምን ያህል ርቀት እንደሄደች በመለካት የሣሩን ፍጥነት ማወቅ ተቻለ። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር መሣሪያውን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1978 ለየሜዳው አከፋፈለ። ዛሬ የታላላቅ ውድድሮች ግሪን ፍጥነት በቁጥር ይነገራል።

ቁጥሩ ግን ንባቡን አልተካውም። በዚያው በሴንት አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1970 ዳግ ሳንደርስ የተባለው አሜሪካዊ ሻምፒዮን ለመሆን ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ምት ብቻ ቀርቶት ነበር። የመጨረሻው ጉድጓድ፣ የመጨረሻው ምት። ሊመታ ከቆመ በኋላ ከኳሷ መንገድ ላይ የታየውን ጉድፍ ጎንበስ ብሎ አነሣ፤ አቋቋሙንም ሳያድስ መታ። ኳሷ በቀኝ በኩል አለፈች። በማግሥቱ በተደረገው መለያ ጃክ ኒክላውስ በአንድ ምት በለጠው። ሳንደርስ በሕይወቱ እጅግ ረጃጅም ምቶች መትቷል፤ ዓለም የሚያስታውሰው ግን ያችን አጭሯን ነው።

የመስኩ ሊቃውንት

ወደ ሉማሜ ልመለስ። በዚያ ምሽት ከአዛውንቱ፣ በኋላም ከሌሎች ሽማግሎች የሰማሁትን ሳጠቃልለው፣ የገና ንባብ ከግሪኑ ንባብ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የጎልፍ ተጫዋች ጊዜ አለው፤ ኳሷም ቆማ ትጠብቀዋለች። የገና ተጫዋች ግን እየሮጠ፣ ዱላ እየበረቀበት፣ እሩሩ እየተንከባለለ ነው የሚያነበው።

በቀድሞው ልማድ የገና ሜዳ ወሰን አልነበረውም፤ የተጫዋቹም ቁጥር አይገደብም። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ ወይም ሁለት አጎራባች ቀበሌዎች ይጋጠማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ተዳፋቱ ነው። እሩርን በቁልቁለት መምታት የማያውቅን ሰው ያስደስታል፤ ርቆ ይሄዳልና። ዐዋቂው ግን ቁልቁለቱ እሩሩን ለባላጋራ አሳልፎ እንደሚሰጥ ያውቃል። ወደ ጎን፣ አግድም ይመታና መሬቱ ራሱ መልሶ እንዲያመጣለት ያደርጋል። ከዚያ ዋልካው አለ። የጠፍሩ ጥንግ ስንጥቅ ባለበት ሲደርስ ይሞታል፤ የእንጨቱ እሩር ግን ጠርዙን መትቶ ወዳልታሰበበት ይፈናጠራል። ከብት በረገጠው ዱካ ላይ እሩር እንደ ድንጋይ ይዘላል። ሣሩ ባልተጋጠበት ረባዳ ላይ ይደበቃል። ጨዋታው ከቀትር በኋላ ስለሚሞቅ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያደረገ ወገን ፀሐይ ይወጋዋል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚያመዛዝኑ፣ ከጨዋታው በፊት መስኩን በእግራቸው የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። ራሳቸው ለመሮጥ ያረጁ፣ ለማንበብ ግን ያልደከሙ ናቸው።

ይህ ዕውቀት ከየት መጣ? ከእረኝነት እና ከሞፈር ነው። የጎጃም ደገኛ ገበሬ ጤፉን ከዘራ በኋላ በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ የክረምቱ ውኃ አፈሩን ጠርጎ እንዳይሄድ አግድም ተዳፋቱን እየቀደደ የሚያስተነፍስበት ቦይ ነው። ፈሰሱን ጥቂት ቢያቀናው ውኃው ይቦረቡረዋል፤ ጥቂት ቢያጋድመው ደግሞ ውኃው ተኝቶ ዘሩን ያበሰብሳል። ያለ ውኃ ልክ፣ በዐይኑና በእግሩ ብቻ ነው የሚቀይሰው። እንግዲህ በሐምሌ ማሳውን በዚህ መልክ ያነበበ ሰው በታኅሣሥ መስኩን ቢያነብ ምን ይገርማል? ገና ለዚህ ዕውቀት የጨዋታ ትምህርት ቤት ነበር። ልጁ ሞፈር ከመጨበጡ በፊት በዱላ ይማረዋል።

እረኞችና ነገሥታት

ሁለቱም ጨዋታዎች ልደታቸውን ከእረኛ ያያይዙታል። በእኛ አገር፣ የጌታን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው እሩር መቱ፣ ጨዋታውም ከዚያ ወዲህ ኖረ ይባላል። ጨዋታው በዓሉን ስሙ አድርጎ ይዟል፤ ገና የሚለውንም ቃል ልደት ከሚል የግሪክ ቃል የሚያዛምዱት አሉ። ስኮትላንዶች ደግሞ እረኞች በባሕር ዳር መስክ ላይ ጠጠር በበትራቸው እየመቱ ከጥንቸል ጉድጓድ ሲከቱ ጎልፍ ተፈጠረ ይላሉ። ሁለቱም አፈ ታሪክ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ አፈ ታሪኮች የሚስማሙበት አንድ ቁም ነገር አለ፤ ጨዋታው ከከብት ማሰማሪያ ላይ ተወልዷል።

በነገሥታቱ በኩል ግን ታሪኩ ይለያያል። የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1457 ጎልፍንና እግር ኳስን በአዋጅ ከለከለ፤ ወጣቱ ቀስት መለማመዱን ትቶ በጨዋታ ተጠምዷል፣ እንግሊዝ ብትመጣ ማን ይከላከላል በሚል ነው። ክልከላው በ1471 እና በ1491 ተደገመ። መደገሙ ራሱ ሕዝቡ እንዳልሰማ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1502 ራሱ ንጉሡ አራተኛው ጄምስ የጎልፍ ዱላ ገዛ። በእኛ ዘንድ መኳንንቱ ገናን በክብር ተቀምጠው ያዩ፣ አንዳንዴም ገብተው ይጫወቱ ነበር። በዚያ ቀን ሎሌ የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው ጌታው አይቆጣም፤ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ቢዘልፈው አይከሰስም። ዓመቱን ሙሉ በማዕረግ የተደረደረ ሕዝብ ለአንድ ቀን በአንድ ሣር ላይ እኩል ይቆማል። ለዚህም ነው ሜዳው የማንም የግል ንብረት ሊሆን የማይችለው። የጌታ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ጌታ ባልተመታበት ነበር።

ሜዳው የማን ነው?

እዚህ ላይ ሴንት አንድሩስ ከውድድሩ በላይ የሚያስተምረን ነገር አለ። ጎልፍን የከበርቴ አጥር አድርገን የምናስብ ሰዎች የምንገረምበት ነገር፣ የጎልፍ መዲና የምትባለው የዚች ከተማ አሮጌው ሜዳ የወል መሬት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1552 ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሃሚልተን በሜዳው ላይ ጥንቸል ለማርባት ሲፈቀድላቸው፣ የከተማው ሕዝብ ደግሞ ጎልፍና ሌላ ጨዋታ የመጫወት መብቱ በጽሑፍ ጸደቀ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከተማዋ በዕዳ ተይዛ መሬቱን ሸጠች፤ የገዙት ነጋዴዎች ጥንቸል አረቡበት። ጥንቸሉ ሜዳውን ቦረቦረው፣ ተጫዋቾች ተቆጡ፣ ነገሩ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። እ.ኤ.አ. በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባለ የአካባቢው ባለርስት ገዝቶ ለጨዋታ አተረፈው። በ1894 በፓርላማ ሕግ የከተማው ሕዝብ ሀብት መሆኑ ተረጋገጠ። ውድድር ከሌለ በቀር እሑድ እሑድ ጎልፍ አይመታበትም፤ ሕዝቡ ልጆቹንና ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ካሜሮን ስሚዝ ያነበበው ተዳፋት እስከ 2014 ዓ.ም. የቆየው እነዚህ ሰዎች ስለ ሣር ስለተሟገቱ ነው።

የእኛስ? የጎጃም ገበሬ ለመሬቱ ሲል ብዙ ታግሏል። በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ባመፀ ጊዜ ከሥጋቶቹ አንዱ ርስቴ ሊለካ ነው የሚል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተሸነሸነ። እነዚህ ትላልቅ ታሪኮች ናቸው፤ ብዙ ተጽፎባቸዋል። በሁሉም ውስጥ የተሟገተ፣ ያሸነፈ፣ የተነጠቀ ባለማሳ ይገኛል። ስለ መስኩ የተሟገተ ሰው ታሪክ ግን ብዙም አይነበብም። የሁሉ የሆነ ነገር ጠበቃ የለውም። ሕዝቡ በዛ፣ ማሳው ጠበበ፣ መሬት ያላገኘ ወጣት በረከተ። ያልታረሰ የሚመስለው መስኩ ስለነበር ከዳሩ እየታረሰ፣ ባሕር ዛፍ እየተተከለበት፣ ከተማ አጠገብ ያለውም ቤት እየተሠራበት ሄደ። ሽማግሎቹ በልጅነታቸው ከጫፉ ጫፉ የማይታይ ነበር የሚሉትን መስክ ዛሬ በአንድ ትንፋሽ ሮጦ ማቋረጥ ይቻላል። በዚህ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ልጁን ሊያበላ ያረሰን ሰው ለእሩር ስትል ተው ማለት ቀላል አይደለም።

በመዲናችንም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ጃንሜዳ ስንት ጥምቀትና ስንት ጨዋታ ያስተናገደ ሰፊ ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ለጊዜው ወደዚያ ተዛወረ። ምክንያቱ በቂ ነበር። ሆኖም ሣሩ ጠፍቶ ሜዳው ጭቃና ጥራጊ ሆነ። የ2013ቱ ጥምቀት ሲቃረብ ሕዝቡ አጥብቆ ስለጠየቀ ገበያው ተነሣ፣ ሜዳውም ተጠረገ። ጃንሜዳ ታቦት የሚያድርበት በመሆኑ ተሟጋች አገኘ። የሉማሜን መስክ የመሰለ ስም የለሽ ሣር ግን ማን ይሟገትለት?

ገና እንደ ጨዋታ አልጠፋም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ዛሬ በባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ደንብ ወጥቶለት፣ የተጫዋቹ ቁጥር ተወስኖ፣ ዳኛና ሰዓት ተመድቦለት ከክልል ክልል ይጋጠሙበታል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ጨዋታውን የማያውቀው የከተማ ልጅ ዱላውን እንዲጨብጥ አድርጓል። ነገር ግን ሜዳው የተለካና የተደለደለ ሆኗል። በተደለደለ ሜዳ ላይ የሚያሸንፈው ፈጣኑና ብርቱው ነው። መስኩን በእግራቸው ዞረው ያነብቡ የነበሩት ሽማግሎች በዚያ ላይ ሥራ የላቸውም። የሚያነቡት የለምና።

የእኔ ሐሳብ ውድ አይደለም። እያንዳንዱ ቀበሌ ለትምህርት ቤትና ለጤና ኬላ ቦታ እንደሚከልል ሁሉ፣ ከቀረው የወል ግጦሽ አንዷን መስክ የገና መስክ ብሎ በቃለ ጉባኤ ቢመዘግባት፣ ወሰኗንም ቢያጸና፣ ዓመቱን ሙሉ ከብቱ ይግጣታል፤ ታኅሣሥ ሲመጣ ልጆቹ ይጫወቱባታል። ለከብትም ለሰውም አትጠብም። የባህል ስፖርት አዘጋጆችም በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ውድድሩን ከስታዲየም አውጥተው እንዲህ ባለ መስክ ላይ ቢያደርጉት፣ ሽማግሎቹ ተጋብዘው ከልጆቹ ጋር ሜዳውን ቢዞሩት፣ ትምህርቱ በአንድ ቀን ይተላለፋል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። መስኳን እናሳምራት ብሎ ዶዘር የሚያስገባ እንዳይኖር። ጉብታዋም፣ ስንጥቋም፣ ተዳፋቷም እንዳለ ይቆይ።